ካርታው ኦቭኑ ውስጥ ነው

የደብረ ማርቆስ ብርድ ደህና ነው፤ ከጮቄ በኩል ተነስቶ ይመጣና በበር ስንጥቅ ገብቶ ጉልበታችን ላይ ቁጭ ይላል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ብርድ ሳይሆን ስለ ሙቀት ነው። ስለ አንድ ኦቭን። አዎ፣ ካቢኔት ውስጥ ተገጥሞ ስለሚቀመጠው፣ የመስታወት በር ስላለው፣ በቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ላይ ሴትዮዋ ጓንት አድርጋ ፈገግ እያለች ኬክ ስለምታወጣበት ኦቭን።

«እናንተ ቤት ኦቭን ምን ያደርጋል?» ካላችሁ መልሳችን አጭር ነው፤ ለአራት ዓመት ምንም አላደረገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ አሜሪካ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እንደ ብዙው የሀገር ልጅ እሳቸውም ገንዘባቸውን አጠራቅመው ተወለዱበት ከተማ ላይ ቤት ሠሩ። ቤቱን የሚኖሩበት «ስመለስ» ነው። እስኪመለሱ ግን ቤት ባዶ አይቀመጥምና እማዬና እኛ ሦስት ልጆቿ ገባንበት። ኪራይ የለብንም፤ ግቢውን እንጠብቃለን፣ ግብር እንከፍላለን፣ በወር አንዴ በስልክ «ቤቱ እንዴት ነው?» ስንባል «ደህና ነው» እንላለን።

ኦቭኑን ጋሼ ገንዘቡን ልከው ከአዲስ አበባ ያስገዙት በ2012 ዓ.ም. ነው። ከሰሜን ሸዋ ዳገት ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀንን ወጥቶ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በአይሱዙ ጀርባ መጣ። ከሲሚንቶና ከፍራሽ መሀል ቆሞ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ። ስናራግፈው የሰፈሩ ልጆች ቴሌቪዥን መስሏቸው አጨበጨቡ። የወጥ ቤቱን ካቢኔት የሠሩት ሰዎች አስገቡት፣ በአራት ብሎን አሰሩት፣ ሂሳባቸውን ተቀበሉ፣ ሄዱ። ማንም አላሳየንም፤ እኛም አልጠየቅንም። አንድ ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ አብሮት ነበር። ጣልያንኛ አለው፣ ቱርክኛ አለው፣ ዐረብኛ አለው፣ እንግሊዝኛ አለው። አማርኛ የለውም። መሳቢያ ውስጥ ገባ።

እማዬ በሩን ከፍታ አየችው። ጎንበስ ብላ በስንዝር ለካችው። ቀና አለችና፣

«እንጀራ የማይገባበት ምን ምድጃ ይሉታል?»

ልክ ነበረች። የኛ ምጣድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኦቭኑ ሆድ ውስጡ አርባ አምስት ብትለው ነው። እንጀራው ቀርቶ የእማዬ የድፎ መጋገሪያ እንኳ አልገባም አለ። በቃ፣ ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ኦቭኑ ቁም ሳጥን ሆነ።

ቁም ሳጥንነቱን ግን አታናንቁብን! በሩ ግጥም አድርጎ ይዘጋል። አይጥ አይገባውም፣ ጉንዳን አይደፍረውም፣ ክረምት እርጥበት አያገኘውም። መጀመሪያ ሰፌድ ገባ። ቀጥሎ የበርበሬ እቃ። ቀጥሎ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ የፕላስቲክ ትሪዎች። በመጨረሻም እማዬ ከሣጥኗ አውጥታ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ከታ፣ ቆርቆሮውን በነጠላ ቁራጭ አስራ የቤቱን ካርታ አስገባችው። የጋሼን ቤት ካርታ! የእኛን የትምህርት ማስረጃም ጨመረችበት። «ሌባ ቢገባ ምድጃ ውስጥ ይፈልጋል?» አለችን። እውነት ለመናገር ሐሳቡን አደነቅንላት። ኦቭን ማለት ለኛ ያ ሆነ።

* * *

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ታናሻችን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የምረቃዋ ቀን ደረሰ። ኬክ ቤት ሄደን ዋጋ ጠየቅን። ዋጋውን ሰምተን ወጣን። መንገድ ላይ ከሦስታችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም፣ ተማምለናል) «እኛ እኮ ቤት ውስጥ ኦቭን አለን» አለ።

ቤት ገባን። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ማከፋፈያው ላይ ለአራት ዓመት ወርዶ የኖረውን ማብሪያ ወደ ላይ አደረግነው። የኦቭኑ ሰዓት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ አራት ዜሮ አሳየን። ማዞሪያውን ብናዞረው ዝም። ሌላኛውን ብናዞረው ዝም። ግማሽ ሰዓት ከታገልን በኋላ የመመሪያው እንግሊዝኛ ሚስጥሩን ነገረን፤ እንዲህ ያለው ኦቭን ሰዓቱ ካልተሞላ አይሞቅም። (መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓት ሙላ የሚል እቃ ለማን ሀገር እንደተሠራ አስቡት። በዚያ ላይ በእነሱ ሰዓት ይሙላ ወይስ በእኛ ብለን ተከራክረን በእኛ ሞላነው። ግድ አልሰጠውም።)

ሰዓቱ ተሞላ። ሁለት መቶ ዲግሪ ላይ አደረግነው። ቀይ መብራት በራ። እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረን። «እስኪግል አስር ደቂቃ ይፈጃል ይላል» ተባባልንና ሊጡን ልንመታ ወደ ሳሎን ሄድን።

በሩን ከፍቶ ውስጡን ያየ ግን የለም። ሦስት የተማሩ ሰዎች ነን።

መጀመሪያ የበርበሬ ሽታ መጣ። ጎረቤት መሰለን። ቀጥሎ ዓይናችን ማልቀስ ጀመረ። ቀጥሎ ያ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ፣ ምላስ ላይ የሚጣበቀው። ስንሮጥ ወጥ ቤቱ ጥቁር ጭስ ለብሷል። በመስታወቱ በኩል የእንግዳ ትሪዎቹ እንደ ሻማ ቀልጠው ሲንጠባጠቡ ይታያል። ታላቃችን በሩን ሊከፍት እጁን ሰደደ፤ ታናሻችን የውሃ ጆግ አነሳች። ሁለቱም ስህተት ነበሩ። እግዜር ሲረዳን መካከለኛው ወደ ማከፋፈያው ሮጦ መብራቱን አወረደውና «አትክፈቱት!» ብሎ ጮኸ። ይህን ከየት እንዳወቀው ስንጠይቀው ፈርቶ እንጂ አውቆ እንዳልነበር ነግሮናል።

ኋላ ነው የተረዳነው። እሳት ያለ አየር አይኖርም፤ በሩ ግጥም እንዳለ መብራቱ ከተቆረጠ ውስጥ ያለው ነበልባል ታፍኖ ይሞታል። በሩን ስትከፍቱለት የሚፈልገውን ታጎርሱታላችሁ። ውሃ ደግሞ በጋለ መስታወት ላይ ቢፈስ መስታወቱን ያፈነዳዋል፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ቢገናኝ ደግሞ እኛን። ያን ቀን መስኮትና በር ከፍተን ግቢ ውስጥ አርባ ደቂቃ ቆምን። እማዬ ነጠላዋን እንዳጣፋች ስትገባ ያገኘችን እዚያው ነው፤ ሦስታችንም በርበሬ ባቃጠለው ዓይን እያለቀስን።

ፊታችንን አየች። ጭሱን አየች።

«ካርታው!» አለች።

ካርታው ተረፈ። ቆርቆሮው ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ ስለነበር ሙሉ ሙቀቱ ሳይደርስበት መብራቱ ጠፍቷል። ነጠላው ጠቁሯል፤ የካርታው አንድ ጠርዝ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል፤ ማኅተሙና ቁጥሩ ይነበባል። የታላቃችን የስምንተኛ ክፍል ካርድ ግን ጥብስ ብሏል። (ውጤቱን የምናውቅ ሰዎች ብዙም አላዘንን።) እማዬ ካርታውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ቤቱ የኛ አይደለም። በአደራ የተቀመጥን ሰዎች ነን። አደራ የበላ ሰው በኛ ሀገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ለጋሼ አልነገርናቸውም።

* * *

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «ኦቭን ውስጥ እቃ አታስቀምጡ» ብለን እንሰናበታችሁ ነበር። ግን የከፋው ገና ነበር።

ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ በእንጨት ማማሰያ እየፋቅን አነሳነው። እማዬም አጠባው ላይ ገባች። ወለሉ ረጥቧል፣ እግሯ ባዶ ነው። የበሩን እጀታ ይዛ ስታጸዳ ድንገት እጇን ሰበሰበች።

«ነዘረኝ።»

«ብርድ ነው እማዬ፣ ቁርጥማትሽ ነው።»

«እኔ ብርድና ንዝረት አላውቅም?»

ሳቅን። አሁን ስናስበው ያ ሳቅ ያሳፍረናል። በማግስቱ መብራቱን አብርተን በነጠላ ጫማ ቆመን ነካነው፤ ምንም የለም። ታላቃችን ቴስተር አመጣና የበሩን ብረት ነካበት። ቴስተሩ ቀይ ሆኖ በራ። የኦቭኑ ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ይዟል! ለአራት ዓመት ያልነዘረን ማብሪያው ወርዶ ስለኖረ ብቻ ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ ኤሌክትሪሺያን ሰፈራችን አሉ። እንጦራቸው እንደሆን እንጃ ብለን ሄድን፤ ሰምተውን ሳይጨርሱ ኮታቸውን አነሱ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዋናውን ብሬከር ማውረድ ነው። ቀጥሎ አራቱን ብሎን ፈቱና ኦቭኑን ከነሆዱ ስበው አወጡት። እኛ ለአራት ዓመት የኦቭኑን ፊት ስናይ ኖረናል፤ ጀርባውን ያየነው ያን ቀን ነው።

ጀርባው ላይ ሦስት ሽቦ መኖር ነበረበት። ሁለቱ ብቻ ተያይዘዋል። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴው፣ የመሬት ሽቦው፣ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተጥሏል። ግድግዳው ውስጥ የሚያያይዙት መሬት አላገኙማ! ሰውየው ፕላስተሩን በጣታቸው ይዘው አሳዩን።

«ይኼ ሽቦ እኮ ለጌጥ አይደለም ልጆቼ። ውስጥ ያለው ሽቦ ተልጦ ብረቱን የነካ እንደሆነ ኤሌክትሪኩ መንገድ ይፈልጋል። ይኼ ካለ በዚህ ወደ መሬት ይሄዳል። ከሌለ በእናታችሁ።»

ዝም አልን። ወለሉ ረጥቦ ነበር። እግሯ ባዶ ነበር።

ቀጠሉና ሽቦውን ጎትተው ውፍረቱን አዩ። ለአምፖል የሚዘረጋው ቀጭኑ፣ ባለ 1.5 የሚባለው ነው። መጋጠሚያው ላይ ያለው ሽፋን ቡናማ ሆኖ ተሰባብሯል። ያውም ከዚያው መስመር ላይ ነው የእንጀራ ምጣዱ ሶኬት የተቀጠለው። ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ካቢኔቱ ላይ ሂሳብ ሠሩ (ሂሳቡ ዛሬም እዚያው አለ፣ እማዬ እንዲጠፋ አትፈልግም)። ኦቭኑ 2,800 ዋት ይላል። በ220 ቮልት ሲካፈል 13 አምፔር ገደማ። ምጣዱ 3,500 ዋት። 16 አምፔር ገደማ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ 29 አምፔር ሊጠጋ ነው፤ ያ ቀጭን ሽቦ ደግሞ 10 አምፔር በሚቆርጥ ብሬከር ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ብሬከሩስ? 32 ተደርጎበታል። «በየጊዜው እየወረደ ሲያስቸግራቸው ትልቅ አደረጉበት» አሉ። ይኼ ማለት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ቀልጦ እስኪያልቅ ብሬከሩ እንቅልፉን ይተኛል ማለት ነው።

እኛ ኦቭኑን እንፈራው ነበር። ስንፈራው የነበረው ግን የተሳሳተውን ነገር ነው። እቃው ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ከጀርባው፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ ነው። እስቲ ወደ የቤታችሁ ምጣድ ሶኬት ሂዱና በእጃችሁ ጀርባ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ዳስሱት። ጋግራችሁ እንደጨረሳችሁ የሚሞቃችሁ ከሆነ ስፒናው ከጠቆረም ከቀለጠም እንግዲህ ጨዋታው እናንተንም ይመለከታል።

ጥገናው ቀላል አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት እቃ እንደልብ አይገኝም፤ አንዱን መከላከያ ሦስት ሳምንት ጠበቅነው። የተሠራውን እንንገራችሁ። ከማከፋፈያው ቀጥታ ለኦቭኑ ብቻ የሚሄድ ባለ 4 ወፍራም ሽቦ ተዘረጋ፤ ሌላ ምንም ነገር አይቀጠልበትም። በ20 አምፔር ብሬከር ተጠበቀ። ምጣዱም የራሱ መስመር ተሰጠው። ጓሮ ውስጥ የመዳብ ዘንግ ተቀብሮ፣ ዙሪያው በከሰልና በጨው ተሞልቶ የመሬት ሽቦ ከዚያ መጣ። ሦስት ሳምንት ያስጠበቀን ደግሞ ትንሽ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ መስመሩን በቅጽበት የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ነው። ፊቱ ላይ ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ አለው። በወር አንዴ ትጫኑታላችሁ፤ ቀጭ ብሎ ከወረደ ይሠራል ማለት ነው፣ ካልወረደ ጌጥ ነው። እማዬ ይህን ቁልፍ የምትጫነው በየወሩ በማርያም ዕለት ነው። ረስታው አታውቅም።

ለሥራቸው ስንከፍላቸው ግማሹን መለሱልን። «ዳቦ ሲወጣለት ጥሩኝ» ብለውን ሄዱ።

* * *

ዳቦ ግን ቶሎ አልወጣለትም።

መጀመሪያ ባዶውን አንድ ሰዓት አጋልነው፤ አዲስ ኦቭን ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ቅባት እስኪቃጠል ይሸታልና መስኮት ከፍታችሁ ነው። (የኛማ የፕላስቲክም የበርበሬም ነበረበት።) ማዞሪያው ላይ ያሉት ምልክቶች ግን ግራ አጋቡን። አንዱ ሳጥን ውስጥ ከላይ መስመር አለው። አንዱ ከታች። አንዱ ከላይም ከታችም። አንዱ ጥርስ ጥርስ ያለው። አንዱ የማራገቢያ ሥዕል። ሦስታችን መመሪያውን ይዘን እንግሊዝኛውን እየተረጎምን ስንጨቃጨቅ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። ለጥቂት ጊዜ አየችው።

«ይኼማ ድፎ ነው» አለች። «ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት።»

ተያየን። ለካ መጽሐፉ ሳይሆን እሷ ነበረች መጠየቅ የነበረባት! ድፎ ዳቦ የጋገረች ሴት ከታች ፍሙን ታነጥፋለች፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ታከማቻለች፤ የታችኛው ሲበዛ ቂጡ ያርራል፣ የላይኛው ሲበዛ ፊቱ ጠቁሮ ልቡ ሊጥ ይሆናል። ኦቭኑም እንዲሁ ነው፤ ፍሙን በማዞሪያ ትቀንሳላችሁ። ቂጡ ሲያርርባት መደርደሪያውን ወደ ላይ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገች፤ ፊቱ ሲጠቁር ዝቅ። በሩን በየደቂቃው ከፍተን ስናይ ጮኸችብን። «አከምባሎ እየከፈተ የሚያይ ሰው እንጀራው ዓይን ያወጣል?» እኛም መጽሐፉ ውስጥ ስንፈልገው አገኘነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወድቃል ይላል። እሷ ሳታነብ የምታውቀውን ነው የጻፉት።

መጽሐፉ የረዳን ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ኮባ ቅጠሉን እንደ ድሮው ከመጋገሪያው አስተርፋ ስትዘረጋው ጫፉ የላይኛውን ሽቦ ነክቶ መጨስ ጀመረ፤ አሁን ዙሪያውን በመቀስ ትከረክመዋለች። ወለሉ ላይ ፎይል ማንጠፍ ለጽዳት ይመቻል ብለን አንጥፈን ነበር፤ የታችኛው ሙቀት ታፍኖ ወለሉን ሊያበላሸው ይችላል ይላል፤ አነሳነው። ካቢኔቱም ከጀርባው አየር ማግኘት አለበት ይላል። የኛው ድፍን ነበርና ታላቃችን በመጋዝ ቀደደው። ስታጠፉት ትንሿ ማራገቢያ ለብቻዋ የምትዞረው ተበላሽታ ሳይሆን ካቢኔቱን ልታቀዘቅዝ ነው፤ ተዉአት።

ሁለት ነገር ግን መጽሐፉም እማዬም አላወቁልንም።

አንደኛው ከፍታው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ውሃ በመቶ ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል፤ አየሩ ቀለል ያለ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። ከውጭ ሀገር የምግብ አሠራር ወርዶ በተለካው እርሾ የጋገርነው የመጀመሪያው ኬክ እንደ ኳስ ተነፋና ስናወጣው እንደ ባርኔጣ ተደረመሰ። አሁን እርሾውን በሩብ እንቀንሳለን፣ ውሃውን በትንሹ እንጨምራለን፣ ሙቀቱንም አስር ዲግሪ ያህል ከፍ እናደርጋለን። ሊጡ እጥፍ እስኪሆን አንጠብቅም።

ሁለተኛው የመብራቱ ጉልበት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቀይ ሆኖ የወጣው ዳቦ፣ በዚያው ዲግሪ፣ በዚያው ደቂቃ፣ ማታ ነጭ ሆኖ ወጣ። እማዬ ዱቄቱን ጠረጠረች፤ እኛ እማዬን ጠረጠርን። መልሱን ያገኙት ኤሌክትሪሺያኑ ናቸው። ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ሶኬታችን ላይ 180 ቮልት ለኩ። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ሙቀቱ በዚያው ልክ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ከሲሶው አንዱ ይጠፋል። 2,800 ዋት የነበረው 1,900 እንኳ አይሞላም። ኦቭኑ ቶሎ አይግልም፣ በሩ ሲከፈትም የወደቀውን ሙቀት ቶሎ አይመልስም። ስለዚህ እኛ ቤት ዳቦ የሚጋገረው ረፋድ ላይ ነው። (በነገራችን ላይ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ባለ 110 ቮልት እቃ የተገላቢጦሹ ነው፤ እዚህ ሲሰካ እጥፍ ያገኛል። የአንድ ጎረቤታችን የሩዝ ማብሰያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያበሰለው፣ ያውም ራሱን።)

እና እንዲያው ሳንናገር የማናልፈው ነገር… ጎጃም እኮ ሦስት ጎኑን ዓባይ ከቦት የሚኖር ሀገር ነው። የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከዚሁ ውሃ ነው። በለስ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመጣ ከዚሁ ነው። ትልቁ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከዚሁ። ከበለስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር በከተማችን በኩል ነው የሚያልፈው። እኛ ከሥሩ ቁጭ ብለን ማታ ማታ በ180 ቮልት ነጭ ዳቦ እናወጣለን። ወንዙ አላጠረም፣ መስመሩም አላጠረም፤ የሚያጥረው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ እኛ ሶኬት ያለችው የመጨረሻዋ ሽቦ ናት። የኛም ግድግዳ እኮ እንዲሁ ነበር።

* * *

የ2017 ዓ.ም. ቡሄ ደረሰ። ነሐሴ 12 ማታ። ፍልሰታ ስለሆነ ሙልሙሉ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው። ዱሮ እማዬ ሙልሙል ለመጋገር ጭስ ውስጥ ግማሽ ቀን ትውል ነበር፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ ክረምት ላይ እርጥብ ነው፣ ከሚነደው የሚያስለቅሰው ይበልጣል። አሁን ሃያ አራት ሙልሙል በሁለት ትሪ ደረደረች። ረፋድ ላይ መጋገር ሲገባን ሰው መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ሰዓቱ ሄደ። ከመሸ ነው ያስገባነው።

ሃያ ደቂቃ እንደሄደ ሰማዩ ተቀደደ። መብረቁ ጣራችን ላይ የወረደ መሰለን። መብራት ጥፍት።

አንዳችን ስልክ አብርቶ ወደ ኦቭኑ በር ሄደ። እማዬ በጨለማ ውስጥ እጁን ያዘችው።

«አትንካው። ሙቀቱ አለ።»

ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለሰች፤ ብሬከሩንም አወረደች። ይህን ያስተማሯት ኤሌክትሪሺያኑ ናቸው፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ አንዳንዴ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ የሚመታውም በርቶ የተገኘውን እቃ ነው። በሩ አልተከፈተም። ሻማ ለኩሰን ወጥ ቤት ውስጥ አራታችን ተቀመጥን። ኦቭኑ በጨለማ ውስጥ ጠቅ… ጠቅ… ይላል፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ ነው። ሽታው ደግሞ እየመጣ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን።

ስትከፍተው ፊታቸው ነጣ ብሏል። አንዱን ሰበረችው፤ ልቡ በስሏል። ታችኛው ትሪ ላይ ያሉት ስድስቱ ትንሽ ሊጥ አሉ፣ በማግስቱ ምጣድ ላይ አገላበጠቻቸው። ኤሌክትሪሺያኑን ጠራናቸው፤ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ሁለት በሉ። «መሬት ሽቦው ይጣፍጣል» አሉ።

በበነጋው ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ፣ ጅራፋቸውን እያጮሁ፣ በዱላቸው መሬቱን እየደበደቡ መጡ። እማዬ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጠች። አንዱ ልጅ ሙልሙሉን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ይኼ ለምን ነጭ ሆነ?» አላት።

«መብራት ሄዶበት ነው» አለችው። ገባው፤ ገምጦት ሄደ።

የዚያን ዕለት ማታ ጋሼ ደወሉ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። እማዬ በኦቭኑ ሙልሙል መጋገሯን ስትነግራቸው ደስታቸው ልዩ ነበር፤ «ጨርሶ የረሳችሁት መስሎኝ ነበር» አሉ። ቀጠሉና፣ የግብር ጉዳይ ስላለ የካርታውን ፎቶ ቶሎ አንስተን እንድንልክላቸው ጠየቁ።

«ካርታው የት ነው ያለው፣ እህቴ?»

እማዬ እኛን አየችን። እኛ ወለሉን አየን።

«ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ ወንድሜ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ሻይ ፈሶበታል።»